ስንዱ ያልተረጎመችው መርዶ

ልጅ በትልልቅ ሰዎች መሀል ቆሞ ሲያስተረጉም ማየት አልወድም። ሰው ሁሉ ደስ ይለዋል፤ «እንዴት ያለች ጎበዝ ናት!» ይላል፣ ጉንጯን ይቆነጥጣል፣ ከረሜላ ይሰጣታል። እኔ ግን ልጅቷን ከመሀል ማውጣት ነው የሚያምረኝ። ባለፈው ሰሞን እዚሁ ጎንደር፣ ከቤቴ በታች ካለው ሱቅ ስኳር ልገዛ ብገባ አንዲት ሱዳናዊት እናት ቶቧን፣ ያን ረጅም መጠቅለያ ልብሳቸውን፣ እስከ ግንባሯ ስባ ባንኮኒው ፊት ቆማለች። ጦርነቱን ሸሽተው በመተማ በኩል ከመጡት አንዷ ናት። ድሮ በዚያ መንገድ ወደ እነሱ የምንሄደው እኛ ነበርን፤ አሁን መንገዱ ዞሮ እነሱን ያመጣል። ባለሱቁ ዐረብኛ አያውቅም፣ እሷ አማርኛ አታውቅም፤ መሀል የቆመችው ትንሽ ልጇ ናት። ከጎረቤት ልጆች ጋር ስትጫወት የለቃቀመቻትን አማርኛ ይዛ «የዱቄት ወተት ትላለች፤ ለሕፃን ነው ትላለች፤ ሕፃኑ አሞታል ትላለች» ትላለች። ባለሱቁ በማንኪያ የሚሸጠውን ቆርቆሮ ከፍቶ ሲሰፍርላት ያ ደረቅ፣ ጣፋጭ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ፤ የሱዳኑ ካምፕ ድንኳን ትዝ አለኝ። የዛገ ዐረብኛዬን አውጥቼ እናትየዋን ራሴ አነጋገርኳትና ልጅቷን «አንቺ ሂጂ፣ ውጪ ተጫወቺ» አልኳት። ባለሱቁ ሳቀ፤ «እትዬ የሺ፣ ሥራዋን እኮ ቀሟት» አለኝ። ልቀማት።

ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ የገባሁት የዛሬ አርባ ዓመት ግድም፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረስኩ ነው። ለምን ከጎንደር እንደወጣሁ የዚያን ጊዜ ሰው ሳይነገረው ይገባዋል፤ ላልነበረበት ሰው ደግሞ ቀኑን ሙሉ ባወራለት አይገባውም፤ ስለዚህ ልለፈው። ያረፍኩት እትዬ ዘምዘም ቤት ነው። እትዬ ዘምዘም ጎንደር አዲስ ዓለም ሳለች የእናቴ ጎረቤት ነበረች፤ ከባሏ ጋር ቀደም ብላ ወጥታ፣ ባሏ ሲሞት ሱቁን ይዛ የቀረች፣ ገዳሪፍ ገበያ መሀል ቶብ የምትሸጥ ሴት። ያን ዘመን ሳስብ መጀመሪያ የሚታየኝ የሱቃችን በር ነው። በስተቀኝ ካሴት ሻጩ አለ፤ ከጠዋት እስከ ማታ የሱዳኑን ዘፈን ሲያስጮህ ይውልና ሐበሻ ሲያልፍ ሲያይ ቶሎ ለውጦ የኛን ይከፍታል፤ ሱዳኖቹም አብረው ትከሻቸውን ነቅነቅ ያደርጋሉ። በስተግራ ሻይ የምታፈላዋ ሴት በርጩማዎቿን ደርድራ ተቀምጣለች፤ ሪያል በሚሏት ሳንቲም ሻይ በወተት ይጠጣል፣ ትንሽ ለጨመረ ትኩስ ዝላቢያ፣ በዘይት የተጠበሰ ሊጥ፣ አለ። ፊት ለፊት ሎሪዎቹ ይቆማሉ፤ ግንባራቸው ላይ ጽጌረዳ የተሳለባቸው፣ ከሀዋታና ከመፋዛ ገጠር ሰሊጥና ማሽላ በጆንያ ጭነው የሚመጡ። ሴቶቹ ቶብ ሲገዙ የሚያሳዩት ምርጫ ራሱን የቻለ ትርኢት ነበር። ጨርቁን በጣታቸው ያሹታል፣ ለፀሐይ ይገልጡታል፣ ራሳቸው ላይ ጣል አድርገው እርስ በርስ ይተያያሉ። በየዓመቱ ለሚመጣው ቶብ ስም ይወጣለታል፤ አንዱ የፊልም ስም፣ አንዱ የአንዲት ሙሽራ ስም፣ አንዱ ደግሞ በሐሜት የተነሳ ነገር ስም። ያን ስም የማያውቅ ሻጭ ገበያ አያገኝም፤ እኔ ደግሞ ከዐረብኛ መጀመሪያ የተማርኩት የቶቦችን ስም ነው። ጣሪያ በሌለው ሲኒማ ቤት የህንድ ፊልም እያየን፣ ያልገባንን በልቅሶ እየጨረስን፣ ከልቤ እላችኋለሁ፣ ደስ የሚል ጊዜ አሳልፌያለሁ። አሁን ሳስበው የሚያሳፍረኝም የሚያሳዝነኝም አይደለም፤ ብቻ ግር ይለኛል። ያ ደስታና ከዚያ በኋላ ያየሁት ነገር በአንድ ከተማ፣ በአንድ ሰፈር እንዴት ተቀመጡ?

ከዚያ ረሃቡ ያሳደዳቸው ሰዎች መጡ። መጀመሪያ ወሬ ነበር፤ ከድንበሩ የመጡ የሎሪ ሾፌሮች ሻይ ሲጠጡ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወሩ ነበር። ቀጥሎ ራሳቸው ሰዎቹ ታዩ። የከተማው የእህል ጎተራ እንደ ትልቅ ፎቅ ከየትም ይታያል፤ የኛ ሰዎች ከነልጆቻቸው በዚያ ጎተራ ሥር ሲያልፉ ቀና ብለው እንኳ አላዩትም። ምን እንደሆነ አያውቁማ! አንድ ቀን እትዬ ዘምዘም ሱቁ ውስጥ ያለውን አቡጀዲ በሙሉ አስወርዳ ሰዎቹ ወዳረፉበት አስጫነችው። «ለልብስ ነው?» ብላት «ለልብስ አይደለም» አለችኝና ፊቷን አዞረች። ከዚያ ቀን በኋላ የነጭ ጨርቅ መደርደሪያችን ባዶ ሆኖ ከረመ፤ እኔም ቶብ እያጣጠፍኩ የሙሽራ ስም መጥራት አስጠላኝ። በዚያው ሰሞን ነው አንድ የጎንደር ሰው ሱቃችን ገብቶ፣ ወደ ረሀድ ወንዝ በሚወስደው መንገድ ባለው የስደተኞች ካምፕ ትምህርት ቤት እንደተከፈተና እንግሊዝኛ የሚያስተምር እንደሚፈልጉ፣ ደመወዝ ግን እንደሌለው የነገረኝ። በኋላ ሰው «በጎ ፈቃደኛ» እያለ ሲጠራኝ ዝም እላለሁ። የበጎውን አላውቅም፤ እዚያ ሱቅ ውስጥ መቀመጥ ግን አልቻልኩም ነበር።

«ለራበው ልጅ እንግሊዝኛ ምኑ ነው?» ብዬ ጠይቄያለሁ፤ ጠያቂ አልነበረም ብላችሁ እንዳታስቡ። የመለሰልኝ አያ ተገኘ ነው። አያ ተገኘ ከጃን አሞራ የልጅ ልጁን በጀርባው አዝሎ የመጣ፣ የካምፑ ሰው የሚያከብረው ሽማግሌ ነው። «የኔ ልጅ፣ እስቲ ልብ ብለሽ እይ» አለኝ። «ዱቄቱን የሚሰፍረው በእንግሊዝኛ ነው የሚያወራ። መርፌውን የሚወጋው በእንግሊዝኛ ነው የሚያወራ። ማን ይገባል፣ ማን ውጪ ያድራል የሚለውም በዚያው ነው። እኛ እንደ ከብት ስንጠቆም እንውላለን። ልጆቻችን ይስሙት።» ሌላ ምክንያት አልፈለግሁም።

ትምህርት ቤት የምንለው በአገዳ የተሠራ ረኩባ ነበር፤ የፀሐይ ጥላ እንጂ ሌላ ነገር አይደለም። ሰሌዳችን በባትሪ ድንጋይ ዱቄት የጠቆረ የሎሪ ጣውላ ነው። መሬቱ ጥቁር አፈር ነው፤ በበጋ የልጅ እግር እስኪውጥ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ጫማ ከእግር ያስቀራል። ልጆቹ አማርኛውንም ትግርኛውንም እያደባለቁ ይንጫጫሉ፤ ሱዳን የቆዩት መምህርት ለማለት «ኡስታዛ» ይሉኛል፣ አዲስ የመጡት «እትዬ»። የማስተምረው ያው የሕፃናት ነገር ነው፤ ራስ፣ ዐይን፣ ሆድ፣ እግር፣ በእንግሊዝኛ እያዜሙ፣ እየነኩ። ሆዳቸውን ሲነኩ እጃቸው ወደ ውስጥ የሚገባ ይመስል ነበር፤ እኔ በዚያ ጊዜ ወደ ሰሌዳው ዞሬ አንድ ነገር እጽፋለሁ። ከሁሉም ፈጣኗ የአያ ተገኘ የልጅ ልጅ ስንዱ ነበረች። ዕድሜዋ አሥር ቢሞላ ነው። ራሷ ተላጭቶ፣ የትልቅ ወንድ ሸሚዝ እጅጌውን ጠቅልላ ለብሳ፣ ከፊት ተቀምጣ ከአፌ ትቀማኛለች። በወራት ውስጥ ከመዝሙሩ አልፋ ከሲስተሯ ጋር ማውራት ጀመረች።

ሲስተሯ የምንላት የክሊኒኩ ነርስ ናት፤ ረጅም፣ ፀሐይ ፊቷን የላጠው ነጭ ሴት። ክፉ ሰው አልነበረችም፤ ይህን ስል ስሟን ለማዳን አይደለም፤ እግሯ አብጦ ጫማዋ ሳይገባላት በባዶ እግሯ ስትሠራ አይቻለሁ። የክሊኒኩ አስተርጓሚ ታሞ ወደ ከተማ ሲሄድ ሌላ ሰው አልተገኘም። እኔም ከሰዓት ከሰዓት እሄድ ነበር፤ ጠዋት ግን ልጆቹን ትቼ መውጣት አልችልም። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ስንዱን መጥራት ጀመሩ። «የት ጋ ነው የሚያምሽ? መቼ ጀመረሽ?» ይህን ነበር የምታስተረጉመው። ካምፑ ሁሉ ኮራባት። አሮጊቶች እጇን ይስሙ ነበር። ለእኔም ኩራት ነበር፤ ፍሬዬን ያየሁ መስሎኝ።

ከነስንዱ ጎጆ አጠገብ ዝማም የምትባል ልጅ እግር እናት ትኖር ነበር። ባሏን መንገድ ላይ ቀብራ የመጣች፣ ማሩ የሚባል ሕፃን ብቻ የቀራት። ሕፃኑ ወተት በበርሜል በሚበጠበጥበት፣ የባሰባቸው ልጆች በሚተኙበት ድንኳን ገብቶ ሰነበተ። አንድ ጠዋት ሲስተሯ ራሷ መጥታ ከረኩባው ደጅ ቆመች። ሁልጊዜ የምትልከው ዘበኛውን ነበር። «ስንዱን ለትንሽ ጊዜ» አለችኝ፤ ስንዱም ተነስታ ተከተለቻት። ብዙም ሳትቆይ ተመልሳ ቦታዋ ላይ ተቀመጠች። ልጆቹ ሲያዜሙ አፏን አላንቀሳቀሰችም። ቀጥሎ ሳታስፈቅደኝ ብድግ ብላ ወጣችና ወደ ጎጇቸው ስትሮጥ አየኋት። ስንዱ ሳታስፈቅድ ወጥታ አታውቅም።

ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ሲስተሯ እንደገና መጣች፤ ፊቷ ቀልቷል። «የማሩ እናት የት ሄደች?» አለችኝ። «ልጇ ጠዋት ሞተ። ውኃ ቀድታ ስትመለስ በር ላይ ጠብቄ በልጅቷ በኩል ነገርኳት። አሁን ሎሪ ላይ ተሳፍራ ወደ ገዳሪፍ ሄዳለች ይሉኛል። አስከሬኑ እዚህ አለ። ምን ዓይነት ነገር ነው ይህ?» እኔም ምን ዓይነት ነገር እንደሆነ አልገባኝም። ልጆቹን በትኜ ስንዱን ፍለጋ ሄድኩ። ከጎጇቸው ጀርባ፣ ጉልበቷን በሸሚዟ ውስጥ አስገብታ ተቀምጣለች።

«ስንዱ፣ ሲስተሯ ምን በያት አለችሽ?»

«ማሩ ሞቷል በያት አለችኝ።»

«አንቺስ ምን አልሻት?»

መሬት መሬት እያየች «ገዳሪፍ ሆስፒታል ወስደውታል አልኋት» አለች።

«ለምን የኔ እናት? ለምን እንደዚያ አልሽ?»

«እትዬ፣ ብቻዋን እኮ ናት!» አለችና ቀና ብላ አየችኝ፤ ይህን የማይገባው ትልቅ ሰው አለ እንዴ የምትል ትመስላለች። «ጀሪካን ተሸክማለች። ሰው የለም። ራሷን ስትጥል ማን ይይዛታል? እኔ አልችላትም። አባቴ የሞተ ጊዜ ለናቴ ታሟል ነው ያሏት፤ ሰው ሁሉ እስኪሰበሰብ። ጎሕ ሲቀድ ነው የነገሯት። እኔም አያቴን ልጠራ ሮጥሁ፤ እንጨት ለቀማ ሄዷል። ስመለስ እሷ የለችም።»

ምን ልበላት? ልጅቷ ያደረገችው እኛ ሁላችን የምናደርገውን ነው። መርዶ ፀሐይ ከወጣ፣ በመንገድ፣ ለብቻው ለቆመ ሰው አይነገርም። ዘመድ ይላካል፣ ጎረቤት ይጠራል፤ «ትንሽ አሞታል» ይባላል፣ ሰው ሲሟላ ማለዳ፣ ከወዲያና ከወዲህ ደግፈው ነው የሚያረዱት። ስንዱ ይህን ከነሥርዓቱ ታውቃለች። ያላወቀችው ነገር ቢኖር ዝማም ልጇ ገዳሪፍ አለ ከተባለች ዘመድ እስኪሰበሰብ ቁጭ ብላ እንደማትጠብቅ ነው፤ ያም ደግሞ ከአሥር ዓመት ልጅ አይጠበቅም። አንጀቴን በላችኝ። አቅፌያት አለቀስኩ፤ እሷ ግን አላለቀሰችም፤ «ጠፋች እንዴ? ዝማም ጠፋች?» እያለች ትጠይቀኛለች።

አያ ተገኘ እንጨቱን ተሸክሞ ሲመጣ ሲስተሯ ድንኳኑ ደጅ ላይ ነበረች። መሀላቸው ቆሜ ያስተረጎምኩት እኔ ነኝ፤ የዚያን ቀን ስንዱን ማንም እንዲጠራት አልፈቀድኩም።

«ልጅቷ ዋሽታለች» አለች ሲስተሯ። «እናት ልጇ መሞቱን ወዲያው ማወቅ አለባት።»

«አልዋሸችም በያት» አለ አያ ተገኘ። የተሸከመውን እንጨት መሬት ጣለ። «ጊዜ ነው የለመነች። አፏ ጥርስ ለውጦ ያልጨረሰ ልጅ መርዶ የምታሸክም፣ በአገሯስ እንዲህ ያደርጋሉ? ጠይቂልኝ እስቲ!»

ጠየቅኋት። «ልጅ እንደሆነች አውቃለሁ። ሌላ ሰው አልነበረኝም» አለች። ቀጥላም፣ «ሙቀቱን ታያላችሁ፤ ሕፃኑ ዛሬውኑ መቀበር አለበት። እናቱ ሳታየው፣ ሳታቅፈው ሊቀበር ነው። ይሄኛው ይሻላል?» አለች።

ይህንንም ተረጎምኩ። አያ ተገኘ በትሩን ተደግፎ መሬት መሬት አየ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው፤ መሀል የወደቀችው ግን አንዲት ልጅና አንዲት እናት ናቸው። ሲስተሯ የመኪናዋን ቁልፍ አወጣችና «ግቡ፣ እንፈልጋት» አለች። የካምፑ ሴቶች ሕፃኑን አጥበው በአቡጀዲ ሲጠቀልሉ፣ ቄስም ሲመጣ ትተናቸው ሄድን። ስንዱ ከመኪናው ኋላ ትንሽ ሮጣ ቆመች።

ስለ ስንዱ የሚጠይቀኝ ካለ፣ ከዚያ ወዲህ ክሊኒክ አልሄደችም፤ ሲስተሯም አልጠራቻትም። ትምህርቱን ግን አልተወችም። መዝሙሩ ሆድ ላይ ሲደርስ ብቻ ትዘገያለች፤ ወይም እኔ ነኝ እንደዚያ የመሰለኝ። ካምፑ ሲበተን ከአያቷ ጋር ወድ ኤል ሒለው ወደሚባለው ሰፈራ ሄዱ ሲሉ ሰማሁ፤ ከዚያ ወዲያ ወሬዋ ጠፋ። ዛሬ በሕይወት ካለች እሷም የልጅ ልጅ ይዛ ይሆናል። የሱዳን ቶብ የለበሰች ሐበሻ መንገድ ላይ ባየሁ ቁጥር ፊቷን ሳላየው አላልፍም፤ ሰው እንደ ነውረኛ ያየኛል።

የዚያን ዕለት ገዳሪፍ ስንደርስ ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች። ዝማምን ለማግኘት አልተቸገርንም፤ ሆስፒታሉ በር ላይ ነበረች። ከዐረብኛ የምታውቃት አንዲት ቃል ወንድ ልጅ የምትለዋ ብቻ ናት። «ወለድ፣ ማሩ፤ ወለድ፣ ማሩ» እያለች የሚገባውን ሁሉ፣ የሚወጣውን ሁሉ ትለምናለች። የሆስፒታሉ ዘበኛ መልሶ መልሶ እንዳስገባትና ክፍሉን ሁሉ እንዳሳያት፣ እንዲህ የሚባል ሕፃን እንደሌለ ነገረኝ። ሰዎች አዝነው ዳቦ አስይዘዋታል፤ አልቀመሰችውም። ሲስተሯ እንዳየቻት እጇን ዘርግታ ወደ እሷ ሄደች። ልትነግራት እንደሆነ ገባኝ፤ ቋንቋ ባይኖራትም በእጇ፣ በፊቷ ልትነግራት። አያ ተገኘ በትሩን በመሀላቸው አሳለፈና ቆመ። «እዚህ መንገድ ላይ አይሆንም» አልኳት ሲስተሯን። «አሁንም?» አለችኝ። «አሁንም» አልኳት። ዐይኗ እንባ ሞላ፤ በንዴት ይሁን በሐዘን አላውቅም፤ ግን ወደ ኋላ አለች።

እኔም ለዝማም «ዛሬ በሩ ተዘግቷል፤ ነገ ጠዋት እንጠይቃለን፤ እትዬ ዘምዘም ቤት እንደር» አልኳት። ዋሸሁ። እንደ ስንዱ ዋሸሁ። ዝማም አያ ተገኘን አየች፣ ሲስተሯን አየች፣ እኔን አየች። «እሺ» አለች። መንገዱን ሙሉ አንድ ነገር አልጠየቀችም።

እትዬ ዘምዘም በሩን ስትከፍት ፊታችንን አይታ ነገሩን ጨረሰችው። ዝማምን እግሯን አጠበቻት፣ ውስጠኛው ክፍል አስተኛቻት፤ ከዚያ በዝምታ ወደየቤቱ መልእክት ላከች። ከሌሊቱ ማለቂያ ጀምሮ ሰው መግባት ጀመረ። ቶብ ነጋዴው፣ ፉል የሚሸጠው፣ ሻይ የምታፈላዋ ሴት፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ዝማምን አይቷት የማያውቅ ሰው ሁሉ። ድምፅ ሳያሰሙ ግቢው ውስጥ በገመድ አልጋውና በሰሌኑ ላይ ተቀመጡ። ጉልበት ያላቸው ሁለት ሴቶች መሀላቸውን ክፍት ትተው ፊት ለፊት ሆኑ። ሲስተሯም መኪናዋ ውስጥ አድራ ገባችና ግድግዳው ሥር ከሴቶቹ ጋር መሬት ላይ ተቀመጠች። አያ ተገኘ የሚጀምርበትን ቃል እየፈለገ ጉሮሮውን ይጠርጋል።

ሰማዩ ሲገልጥ የውስጥ በር ተከፈተና ዝማም ወጣች። ደፉ ላይ ቆማ ግቢውን ሙሉ ሰው አየች። አንድ በአንድ አየችን፤ የምትፈልገው ሰው ያለ ይመስል።

«ስንዱስ?» አለች።

«ካምፕ ቀርታለች» አልኳት።

«እንኳን ቀረች» አለች። «ትናንት ፊቷን ሳየው አውቄዋለሁ። እሷ እንዳትነግረኝ ብዬ ነው የሮጥኩ፤ ግን ምናልባት እያልሁ ለመንሁ።»

ወርዳ መጥታ በሁለቱ ሴቶች መሀል ተቀመጠች። ነጠላዋን ራሷ ገልብጣ አዘቀዘቀችው፤ እጆቿን ግራና ቀኝ ለሴቶቹ ሰጠቻቸው።

«ሰው ሞልቷል፣ አያ ተገኘ» አለች። «አሁን ንገሩኝ።»